ክረምትን በሰው ቤት



በክረምት ወራት ወደ ውጭ አገር ሄዶ፣ ከአንድ የአገሬው ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት መማር የሚባል ዕድል አለ። ተማሪው ጠዋት ክፍል ይገባል። ማታ ግን የሚመለሰው አባትና እናት፣ ልጆችና አያት ወዳሉበት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ዕድል ለካምፕ ልጅ ከስንት አንዴ ነው የሚገጥመው። ሲገጥም ደግሞ በየቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር ያስነሣል። ልጁ «ልሂድ» ይላል፤ እናት «ማን ቤት?» ትላለች፤ አባት «ማን ያውቃቸዋል?» ይላል። ሴት ልጅ ከሆነች ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ ይሂዱ። ሴቶቹም ይሂዱ። ነገር ግን ወላጅ ዝም ብሎ የሚልክ ሳይሆን ጠይቆ የሚልክ ይሁን። ምክንያቴን እንደሚከተለው ላስረዳ።

ይህ ልማድ ትናንት የመጣ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1932 ዶናልድ ዋት የሚባል አሜሪካዊ «ኤክስፐሪመንት ኢን ኢንተርናሽናል ሊቪንግ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ከሌላ አገር ሰው ጋር አብሮ የመኖር ሙከራ እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ወጣት አሜሪካውያንን ከአውሮፓ እኩዮቻቸው ጋር በስዊዘርላንድ በአንድ ካምፕ አኖራቸው። ይሁን እንጂ ይህ በቂ ሆኖ አልተገኘም። በካምፕ ሰው ወደ ቢጤው እንደሚሰበሰብ እኛ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ እያንዳንዱን ወጣት ለብቻው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ማስገባት የድርጅቱ ዋና ሥራ ሆነ።

«ኤ.ኤፍ.ኤስ.» የሚባለውም ድርጅት ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1915 ሲቋቋም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ የሚያነሡ የአምቡላንስ ነጂዎች ማኅበር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከአገር ወደ አገር እየላከ በቤተሰብ ዘንድ ማኖር ጀመረ። ቁስለኛ ማንሣት የሰለቻቸው ሰዎች ቁስለኛ የማይኖርበትን መንገድ መፈለጋቸው ነበር። ጦርነት የጎዳን እኛ ይህን ሐሳብ ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባን ይመስለኛል።

ከአገራችንም ጋር የሚያገናኘው ክር አለ። በ1934 በዚያው በዋት ድርጅት በኩል ወደ ጀርመን ሄደው ክረምቱን ካሳለፉት ተማሪዎች አንዱ ሳርጀንት ሽራይቨር ነበር። ይህ ሰው በ1961 የፒስ ኮር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። በመስከረም 1962 ከ250 በላይ የፒስ ኮር መምህራን ኢትዮጵያ ገብተው በየክፍለ ሀገሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከአያቶቻችን መካከል ሂሳብና እንግሊዝኛ ከእነርሱ የተማረ ጥቂት አይደለም። ድርጅቱ በ2007 ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላም አዲስ የሚመጡት ወጣቶች ሥልጠናቸውን የሚወስዱት በገጠር ከተሞች ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ነበር። አማርኛን የለመዱት ቡና ሲፈላ አጠገቡ ተቀምጠው ነው። እንግዲህ እኛም ተቀባይ ቤተሰብ ሆነን እናውቃለን ማለት ነው። ያን ጊዜ የእኛ እናቶች የሰው ልጅ እንደ ልጃቸው ከያዙ፣ ሌላ አገር ያለች እናት ልጃችንን እንዲሁ ልትይዝልን እንደምትችል ማመን አያቅተንም።

በሰው ቤት የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛው ቋንቋ ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ለይቶ ይናገራል። በቤት ውስጥ ግን ልጆች ይጣላሉ፣ አያት ያጉረመርማሉ፣ አባት ከወጥ ቤት ሆኖ ይጣራል። ተማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ መመለስ ግዴታው ነው። «ጨው አቀብለኝ» እና «መታጠቢያ ቤቱን መቼ ልጠቀም?» የሚሉት አረፍተ ነገሮች በፈተና ባይመጡም፣ ሰው በቋንቋ መኖር የሚጀምረው በእነርሱ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ «በቃኝ» ይላል፤ ባለቤትም «በሞቴ» እያለ ያጎርሰዋል። በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ቤት «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ያለ ልጅ ሳህኑ አልፎት ይሄዳል፤ ማንም አይለምነውም። ይህም ክፋት ሆኖ ሳይሆን ቃሉን ስላመኑት ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ዓይንን መስበር አክብሮት ነው። እዚያ ግን ዓይን ዓይን የማያይ ልጅ የሚደብቀው ነገር ያለው ሊመስላቸው ይችላል። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት፣ ውሻ ሳሎን ውስጥ መተኛቱ፣ አባወራ ሳህን ማጠቡ፤ ይህ ሁሉ መጀመሪያ ያስደነግጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ይገባዋል፤ የእኛ ሥርዓት ሥርዓት እንደሆነ ሁሉ የእነርሱም ሥርዓት ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ወደ ካምፕ ሲመለስ የሱማሌውን ወይም የደቡብ ሱዳኑን ጎረቤቱን በሌላ ዓይን ያያል።

አሁን ወደ ወላጆች ፍርሃት ልምጣ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በአገራችን «ከተማ ገብቶ ይማር» ተብሎ ዘመድ ቤት የተላከ ልጅ ውኃ ቀጂና ሕፃን አዛይ ሆኖ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። በዓለም ታሪክም ምሳሌ አለ። ከታኅሣሥ 1938 እስከ መስከረም 1939 ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ልጆች ከናዚ አገዛዝ እንዲያመልጡ ያለ ወላጆቻቸው ወደ ብሪታንያ ተወስደው ነበር። ብዙዎቹን የማያውቋቸው ቤተሰቦች ተቀብለው እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ከሞትም አተረፏቸው። አንዳንዶቹን ደግሞ እንደ ቤት ሠራተኛ የያዟቸው ነበሩ። ያው የሰው ቤት፣ ያው የተዘጋ በር፤ ውስጡ ግን እንደ ሰዉ ይለያያል።

ስለዚህ መፍትሔው መከልከል ሳይሆን መጠየቅ ነው ባይ ነኝ። ወላጅ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ይጠይቅ።

አንደኛ፤ በቤቱ ውስጥ እነማን ይኖራሉ? ልጁ የት ይተኛል? ሴት ልጅ ከሆነች የራሷ መኝታ ክፍል አላት ወይስ ከቤቱ ሴት ልጅ ጋር ነው የምትጋራው?

ሁለተኛ፤ ቤተሰቡ ልጁን የሚቀበለው በነጻ ነው ወይስ በክፍያ? ሁለቱም ነውር የለበትም። እንደ ኤ.ኤፍ.ኤስ. ባሉት ድርጅቶች ቤተሰቦቹ በፈቃደኝነት ይቀበላሉ፤ ብዙ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ግን ለቤተሰቡ ይከፍላሉ። ማወቁ የሚጠቅመው ከማን ምን እንደሚጠበቅ ለመረዳት ነው።

ሦስተኛ፤ ልጁ ቢቸገር ከቤቱ ሰዎች ውጭ ማንን ይጠራል? ስልኩን የሚያነሣ፣ አስፈላጊ ከሆነ በዚያው ቀን ቤት የሚያስለውጥ አንድ ኃላፊ መኖር አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ እኔም ብሆን ልጄን አልልክም።

አራተኛ፤ ልጁ በቤቱ ውስጥ ምን ይሠራል? አልጋውን ማንጠፍ፣ የበላበትን ማንሣት፣ ሳህን ማጠብ ከቤቱ ልጆች እኩል ከሆነ የቤተሰብነት ምልክት ነው። የቤቱ ልጆች ተቀምጠው እርሱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

አምስተኛ፤ የሚበላውና የማይበላው አስቀድሞ ተነግሯል? ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ሐላል ብቻ የሚበላ ልጅ ይህን ከመሄዱ በፊት ያሳውቅ። ቀድሞ የተነገረ ነገር ማንንም አያስቀይምም።

ለስደተኛ ደግሞ ስድስተኛ ጥያቄ አለ፤ ወረቀት። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 በሕጋዊ መንገድ በአገሩ ለሚኖር ስደተኛ የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠው ይደነግጋል። በስምምነቱ አባሪ ላይ እንደተጻፈው፣ ሰነዱን የሰጠው አገር የሰነዱ ጊዜ እስካላለፈ ድረስ ባለቤቱን መልሶ የማስገባት ግዴታ አለበት። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ግዴታው የጸናው ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ነው። እንግዲህ ቀኑን ሳያዩ መሄድ አደገኛ ነው። ሰነዱ ልጁ ከሚመለስበት ቀን በኋላም ብዙ ወራት የሚቆይ መሆኑን ወላጅ በዓይኑ ያረጋግጥ። የጉዞ ሰነድ ቪዛ አለመሆኑም አይዘንጋ። ቪዛ የሚሰጠው ተቀባዩ አገር ነው፤ ቪዛ ሰጪዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስቡት «ይህ ልጅ ይመለሳል?» ብለው ነው።

ስለ መመለስ ግልጹን እንነጋገር። «ከሄደ ለምን ይመለሳል?» የሚል ሰው በመካከላችን አለ። የሕይወት አደጋ ያለበት ሰው ጥገኝነት የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ይህን መብት የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን «ለስድስት ሳምንት» ብሎ ቃል ገብቶ የሄደ፣ እዚህ ትምህርቱና ቤተሰቡ የሚጠብቀው ተማሪ በጠፋ ጊዜ ከእርሱ ኋላ የተሰለፉት ሁሉ መንገድ ይዘጋባቸዋል። ለሁለት ዓመት ያጠናች፣ ወረቀቷን ያሟላች ልጅ በሌላው ሰው ምክንያት «አይሆንም» ትባላለች። ወላጅ ልጁን ሲሸኝ ይህንንም ይንገረው።

ለሚሄዱት ተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በማዕድ ላይ ስለ ካምፕ መጠየቃችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ሁለት ፈተና ይገጥማችኋል። አንዱ እንዲያዝኑላችሁ መከራውን ማብዛት ነው፤ ሌላው እንዳያፍሩባችሁ መከራውን መደበቅ ነው። ሁለቱም አይበጁም። ውኃ የምንቀዳበትን ሰልፍ ንገሯቸው፤ በአንድ ክፍል ስንት እንደምንሆን ንገሯቸው። ከዚያ ደግሞ በገበያው ውስጥ ስላሉት የኢትዮጵያውያን ሻይ ቤቶችና ምግብ ቤቶች፣ ስለ ኳስ ጨዋታው፣ በፋኖስ ስለሚያጠኑት ልጆች ንገሯቸው። ቡና ማፍላት የምታውቁ አፍሉላቸው። የምትሰጡት ነገር ይዞ የሄደ እንግዳ ናችሁ፤ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም።

በመጨረሻም ለማይሄደው ልጅ፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ነገር ግን የማናውቀው አገር እዚሁ ካኩማ ውስጥ ከአጥራችን ማዶ አለ። በአንድ ክፍል ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከሱማሌ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከቱርካና ልጆች ጋር እንቀመጣለን፤ ደወል ሲደወል ግን ሁላችንም ወደየብሎካችን እንበታተናለን። የእኛ ልጆች በኪስዋሂሊ ትምህርት ይቸገራሉ፤ የምሥራቅ ኮንጎ ልጆች ደግሞ ኪስዋሂሊን በቤታቸው ይነጋገሩበታል። ታዲያ በነሐሴው ዕረፍት ለሁለት ሳምንት ልጆች ብንለዋወጥ ምን ይለናል? ማደር አያስፈልግም፤ ከምሳ እስከ ማምሻ ይበቃል። የእኛ ልጅ ወደ ኮንጎ ቤተሰብ ይሄዳል፤ የእነርሱ ልጅ ወደ እኛ ይመጣል። ራሽን እየተቀነሰ በሄደበት በዚህ ጊዜ «ማን ያበላዋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱም እዚያው አለ፤ አንድ ልጅ ሲወጣ አንድ ልጅ ይገባል፤ የሳህኑ ቁጥር አይለወጥም።

ለዚህ የጉዞ ሰነድም፣ ቪዛም፣ ከካምፕ መውጫ ፈቃድም አያስፈልግም። ከላይ የዘረዘርኳቸው ጥያቄዎች ግን እዚህም ይሠራሉ፤ በቤቱ ማን አለ? ልጁ ቢቸገር ማንን ይጠራል? ምን ይሠራል? ምን ይበላል? እነዚህን በጎረቤት ቤት መጠየቅ የለመደ ወላጅ፣ አንድ ቀን የሩቅ አገር ዕድል ሲመጣ አይደናገጥም። በጎረቤት ቤት እንግዳ መሆን የለመደች ልጅም የትም ብትሄድ አትጠፋም።

የወላጆች ኮሚቴ ይህን ሐሳብ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በስብሰባው ላይ እንዲያየው እጠይቃለሁ። አንድ አሥር ቤተሰብ ቢጀምር ይበቃል። የመጀመሪያውን ልጅ ለመቀበል የእኔ ቤት ክፍት ነው።