«ትርፍ ጊዜ» ማን አለው?

በሲቪያችን ግርጌ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የምትል መስመር አለች። ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የተመረቅን ሰሞን ሲቪያችንን ስንቀባበል ሁላችንም «ማንበብ» ብለን ሞልተናት አገኘን። ከመካከላችን ከምርቃቱ ወዲህ አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ግን አልነበረም። ውሸታችን ይቆየንና እስቲ ቃሉን እንየው።

ትርፍ ማለት ከዋናው የተረፈ ነው። ትርፍ ጊዜም ዋናው ጊዜያችን ለሌላ ከተሰጠ በኋላ የምትቀር ፍርፋሪ ናት ማለት ነው። ያቺኑም ፍርፋሪ «ማሳለፍ» እንጂ መኖር አልተባልንም። ደግሞ ልብ በሉ፤ «ትርፍ ጊዜ» ዕረፍት ሲሆን «ትርፍ ሰዓት» ግን ሥራ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀን ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው የመደበኛ ሰዓት ክፍያው በ1.5 ተባዝቶ ይከፈለዋል። አንደኛው ትርፍ ዋጋ ወጥቶለታል፤ ሌላኛውን ማንም አይቆጥረው።

የባሰ ቃልም አለን፤ «ሥራ ፈት»። «ፈታ» በራሱ ምን ክፋት አለው? ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። እኛም ዓርብ ማታ «ፈታ እንበል» እንባባላለን። ፊቱ «ሥራ» የገባ ዕለት ግን ስድብ ይሆናል። ሥራ ስንፈልግ በከረምንባቸው ወራት፣ የጎረቤት አፍ ፈርተን በጠዋት ለባብሰን ከቤት የምንወጣ ነበርን። ከቤተ መጻሕፍት በቀር የምንሄድበት አልነበረንም። ያኔ ግን የምራችንን አነበብን። ሲቪያችን ላይ ያለችው መስመር እውነት የሆነችው «ሥራ ፈት» በተባልንበት ጊዜ ብቻ ነው።

የጥንት ግሪኮች ይህን ቢሰሙ አይገርማቸውም ነበር። «ስኮሌ» የሚል ቃል ነበራቸው፤ ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለት ነው። በሥራ መጠመድን ደግሞ «ስኮሌ ማጣት» ይሉት ነበር። እኛ ዕረፍትን የሥራ ትራፊ ስናደርገው እነሱ ሥራን የዕረፍት ጉድለት አደረጉት። ያ ነፃ ጊዜ የመወያያና የመማሪያ ጊዜ ስለነበር ቃሉ ቀስ በቀስ ለመማሪያው ቦታ መጠሪያ ሆነ። በላቲን ስኮላ፣ በጣልያንኛ ስኩዎላ፣ በእንግሊዝኛ ስኩል ተባለ። አያቶቻችን ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲጠሩበት የኖሩት «አስኳላ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አስኳላ የቀመስን ሁሉ፣ ከሥሩ ከመጣን፣ ዕረፍት የቀመስን ነን ማለት ነው።

የእንግሊዝኛው «ሌዠር» ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ከላቲኑ «ሊኬሬ» የመጣ ነው። ትርጉሙ «መፈቀድ» ነው፤ ላይሰንስም ከዚያው ግንድ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄ ይመጣል። ለማን የተፈቀደ?

አርስቶትል የምንሠራው ለማረፍ ነው ብሎ አስተምሯል። ያው አርስቶትል ባርነትንም ደግፎ ጽፏል። የአቴንስ ወንዶች አደባባይ ላይ ሲከራከሩ የሚውሉት እህሉን የሚፈጩላቸው ባሮችና ሴቶች ስለነበሩ ነው። የእነሱ ስኮሌ በሌላ ሰው ጉልበት ላይ የቆመ ነበር።

በእነሱ ለመፍረድ አንቸኩል። እኛም እሁድ እሁድ በየቤታችን በተራ እየተሰበሰብን ስለ መጽሐፍና ስለ ፖለቲካ እንከራከራለን። ቡናውን የምታፈላው፣ ስኒውን የምታጥበው፣ ለማታው ሽንኩርት የምትከትፈው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣል። የቤት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጭ ናት። የእሷ ዕረፍት በእማማ ፈቃድ ነው፤ እማማ ደግሞ እንግዶች አሉባት። እንግዶቹ እኛ ነን።

ስለዚህ «መዝናናት መብታችን ነው» ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። በቤታችን የእሷ እሁድ መቼ ነው? የታወቀ ቀን ከሌላት የእኛ ዕረፍት ከእሷ የተወሰደ ነው።

እኛ ከመጪው እሁድ ጀምሮ ቡናውን ልናፈላ፣ ስኒውንም ልናጥብ ተስማምተናል። የት እንደምትሄድና ምን እንደምትሠራበት አንጠይቃትም። «ሥራ ፈታች» የሚል ጎረቤት ቢመጣ «አዎ፣ ፈታች» ብለን እንመልስለታለን።