ሶፍትዌር ከመለወጥ በፊት ስለ መውጫው በር መጠየቅ

ስለ ሸቀጣቸው በኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ጽሑፍ የሚያወጡ ነጋዴዎች በድረ ገጽ ማዘጋጃቸው ሶፍትዌር ሲያማርሩ እንሰማለን። አንዱ ገጹ ለመከፈት ዘገየብኝ ይላል፤ ሌላው አንዲት የዋጋ ለውጥ ለማስገባት ባለሙያ መጥራት ግድ ሆነብኝ ይላል። ምሬቱ እውነተኛ ነው፤ አሮጌውን ትቶ አዲስ መያዝም የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያሳስበን ለውጡ በንዴት ሲፈጸም ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን ነው።

በዚህ ረገድ በሙቨብል ታይፕ የደረሰው ነገር ለነጋዴ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ይህ ሶፍትዌር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ቤን ትሮትና ሜና ትሮት በተባሉ ባልና ሚስት ተሠርቶ የወጣ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኢንተርኔት የሚጽፉ አያሌ ሰዎች ይዘውት ነበር። ገጾቹን አስቀድሞ ሠርቶ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ግን፣ የገጹ መልክ በተለወጠ ቁጥር ያለፈውን ጽሑፍ ሁሉ እንደገና ማሠራት ያስፈልግ ነበርና፣ ብዙ ጽሑፍ ያለው ሰው ተቀምጦ መጠበቅ ነበረበት። (እርግጥ አስቀድሞ የተሠራ ገጽ ለአንባቢው ቶሎ ይደርሳል፤ የሚያማርሩት ሰዎች ይህን አያነሡትም።) ይህን ሁሉ የታገሠውን ብዙ ተጠቃሚ ያስኮበለለው የፈቃዱ ውል ነው። በሜይ ወር 2004 ዓ.ም. 3ኛው እትም ሲወጣ፣ በነጻ የሚሰጠው ፈቃድ በአንድ ጸሐፊና በ3 ጦማሮች ተወሰነ፤ ከዚያ በላይ የሚሻ ይክፈል ተባለ። ሻጭ ለሠራው ዕቃ ዋጋ መጠየቁ መብቱ ነውና ነጋዴ ይህን ሊነቅፍ አይገባውም፤ የገዢውም ፋንታ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ከኮበለሉት ብዙዎቹ የገቡት ወደ ዎርድፕሬስ ነው። ይህም ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ቀደም ሲል ከነበረ ሌላ ሶፍትዌር ተነሥተው በሜይ 27 ቀን 2003 ዓ.ም. ያወጡት ሲሆን፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያድለው የሚፈቅድ ፈቃድ አለው። ሰዎቹ ጽሑፋቸውን ይዘው ሊወጡ የቻሉት ግን አሮጌው ሶፍትዌር ራሱ ጽሑፉን ሁሉ በተራ የጽሑፍ ፋይል አውጥቶ ስለሚሰጥና አዲሱም ያንን ማንበብ ስለሚችል ነው። በሩ ከውስጥ ይከፈት ነበር ማለት ነው። ፖስተረስ የተባለው አገልግሎት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በትዊተር ተገዝቶ በአፕሪል 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ደንበኞቹ ጽሑፋቸውን ከዚያ ቀን በፊት እንዲያወርዱ ተነገራቸው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ነጋዴ ሌላም ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ ከመጣ ወዲህም ቢሆን፣ ጽሑፉን የሚቀበለው የመረጃ ቋት ለዩኒኮድ ካልተሰናዳ የሰሊጡም የቡናውም ዝርዝር ተርታውን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በዚያ መልክ ከተመዘገበ በኋላ ፊደሉን ከዚያው መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ አስቀድሞ ጥቂት ገጾችን፣ ይኸውም እንደ ኳና ቧ ያሉ ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮች ያሉባቸውን፣ አዛውሮ መመልከት ያሻል። መጋዘን የሚለውጥ ሰው ዕቃውን ቆጥሮ እንደሚያስረክብና ቆጥሮ እንደሚረከብ፣ የገጾቹም ቁጥር ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ይመሳከር።

ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር ያዛወረ ነጋዴ በቀድሞው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። የገጾቹም አድራሻ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚለወጥ ከሆነ፣ አሮጌው አድራሻ ጠያቂውን ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ በባሕር ማዶ ያለ ገዢ የያዘውን አድራሻ ሲከፍት ባዶ ገጽ ያገኝና ድርጅቱ የተዘጋ ይመስለዋል። የድረ ገጹ ስም ራሱ በባለሙያው ስም ተመዝግቦ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ነጋዴው ስም ይዙር።

አዲሱን ሶፍትዌር ለሚያቀርብልን ሰው የመጀመሪያው ጥያቄያችን፣ «ከ3 ዓመት በኋላ ብንለያይ ጽሑፌን በምን መልክ ያስረክቡኛል?» የሚል ይሁን። መልሱም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። የአሮጌው አገልግሎት ክፍያ፣ አዲሱ በሚገባ መሥራቱ እስኪታወቅ ድረስ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ባይቋረጥ እንመክራለን።