የአንድ ሰዓት እንግዳ

አንባቢ ሆይ፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥተህ ወደ ወልዲያ ስትጓዝ፣ ደብረ ታቦርን ካለፍህ በኋላ አውቶቡሱ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ ከነፋስ መውጫ ያደርስሃል። የዚህች የላይ ጋይንት ከተማ ስሟ ጠባይዋን ይነግርሃል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ነፋሱ አንገት ያስደፋል። ሾፌሩ ለምሳ ይቆማል። አንተም ጋቢህን ተከናንበህ ትወርዳለህ፤ በልተህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ «ምን ያለ ብርዳም አገር ነው!» ትላለህ። ጡሩምባው ሲነፋ ተሳፍረህ ትሄዳለህ። ከወዳጆችህም ዘንድ ስትደርስ «ጋይንትን አየኋት» ብለህ ታወራለህ።

ይህ ያንተ ብቻ ጠባይ አይደለም። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ፣ በስቫልባርድ ደሴቶች ላይ፣ ሎንግየርቢየን የምትባል ትንሽ የኖርዌይ ከተማ አለች። ነዋሪዋ 2,500 ያህል ሲሆን አንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ በአንድ ቀን ከዚህ የሚበልጥ እንግዳ ሊያወርድባት ይችላል። እንግዳው ነጭ ድብ ከተሳለበት የመንገድ ምልክት አጠገብ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በብርዱ ተገርሞ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ከተማይቱን ያቆሟት የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች መሆናቸውን ሳይሰማ ከተመለሰ ግን፣ ብርዱን አየ እንጂ አገሩን አየ አይባልም።

አንተስ ከጋይንት ሳትሰማ የተመለስኸው ምንድን ነው? የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ዙር አምባ ሁለቱም በጋይንት ምድር ናቸው። ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤተልሔም ሲደርስ ከሩቅ ያየው የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ነገሩ ለውጭው ዓለም አዲስ ሆነ እንጂ በዚያ ለኖረው መምህርና ተማሪ አዲስ አልነበረም።

ብርዱን ያማረርህበት ጉናም የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የፎገራን ሩዝ የምትበላ ከሆነ፣ የዚያ ተራራ ባለዕዳ ነህ።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀን ያህል በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር። በእነዚያ ቀኖች ተዋጊዎቹ ሴቶችን እንደ ደፈሩ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከተጎጂዎቹ አንደበት ሰምቶ በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል። ሻይ የምታቀርብልህ ሴት ያን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። መርምራት አልልህም፤ በአገሯ ላይ ለምትናገረው ቀልድ ግን ተጠንቀቅ።

ይህን ሁሉ የምልህ ስለ ጉዞ ደስታ ብቻ ብዬ አይደለም። ተማሪ ከሆንህ ነገ፣ ሠራተኛ ከሆንህም ምናልባት ዛሬ፣ የሥራ ምደባህ ወደ ወገዳ፣ ወደ አርብ ገበያ ወይም ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ይሆናል። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ ሆነህ ትደርሳለህ። በአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት የያዝኸውን ፍርድ ይዘህ ከጠረጴዛው ኋላ ብትቀመጥ ግን የሚጎዳው ከገጠር በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ነው። አንተ «ብርዳምና ድኻ አገር» ብለህ አስቀድመህ ስለዘጋኸው፣ እርሱ የሚነግርህን አትሰማውም።

እንግዲህ በሚመጣው ጉዞህ ከዚያች አንድ ሰዓት ላይ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ቀንስ። ከጎንህ ለተቀመጡት አባት «እንደምን ዋሉ አባቴ፤ የዘንድሮው ገብስ እንዴት ነው?» በላቸው። መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ስማ። ጡሩምባው ቢነፋም ሾፌሩ ጥሎህ አይሄድም፤ እርሱም ምሳውን አልጨረሰ ይሆናል።