ሴቲቱ ስለ ምን የወንድ ልብስ ትለብሳለች?

የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነብ ወጣት ትምህርቱን ይዘነጋል፤ አንባቢዋ ልጃገረድ የሆነች እንደ ሆነማ ጠባይዋ ይበላሻል የሚል ክስ ከጥንት ጀምሮ ይሰማል። ዛሬም አልቀረም። ከሳሾቹ አብዛኛውን ጊዜ መጻሕፍቱን ያላነበቡ ሰዎች ስለ ሆኑ እነርሱን ለጊዜው እንተዋቸው። እኔ በዚህ ሳምንት ለአንባብያን ላቀርብ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በፍቅር ድርሰቶቻችን ውስጥ ያለችው ልጃገረድ መንገድ መሄድ ባስፈለጋት ጊዜ ምን እንደምትለብስ ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እንዲያውም የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። በኋላ መጽሐፉ በጀግናይቱ ስም «ጦቢያ» ተባለ። ጦቢያ በባርነት የተያዘውን መንትያ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አወጡ። በዚያም ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት የወጣችው መነኩሴ መስላ ነው።

አፈወርቅ የዘጌ ተወላጅ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። እኛ የአዲስ ቅዳም ሰዎች ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ስለ ተቀመጥን፣ አንደኛው በስተሰሜን ሌላው በስተደቡብ ጎረቤታችን ነው። እንግዲህ ሁለቱ ልጃገረዶች የሩቅ አገር ሰዎች አይደሉም።

ደራስያኑ አልተሳሳቱም። ሽፍታውና ባሪያ ፈንጋዩ በሚመላለሱበት መንገድ ልጃገረድ ብቻዋን ልትሄድ እንደማትችል ያውቃሉ፤ የባላባት ልጅ የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ ከሽፍታው በፊት የገዛ አባቷ ደጅ አለባት። ዳሩ ግን ሁለቱ ደራስያን ልብሱን የተጠቀሙበት ለየቅል ነው። በ«ጦቢያ» ነገሩ ወደ ጨዋታ ያዘነብላል፤ የንጉሡ ወገን የሆነች ልጅ ወንድ መስላት በፍቅሯ ትወድቃለች፤ መጨረሻውም ሠርግ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ሰብለ በዛብህን ያገኘችው በሞት አፋፍ ላይ ነው። የመነኩሴው ልብስ ለመንገድ ተብሎ ተለብሶ የዕድሜ ልክ ልብስ ሆነ።

ከእኔ ዘንድ መጽሐፍ የምትዋስ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይኽን መጽሐፍ ስትመልስልኝ፣ «ጋሼ፣ እኔን ያናደደኝ የበዛብህ መሞት አይደለም፤ የሰብለ መዘግየት ነው። ቀደም ብላ ብትነሣ ኖሮ በሕይወቱ ትደርስለት ነበር» አለችኝ። መጽሐፉን ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ሰው ሁሉ የጉዱ ካሣን አንደበት ያደንቃል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ይረግማል፤ ሰብለን ግን ዘገየሽ የሚላት ሰው ከዚህች ልጅ በቀር አልገጠመኝም።

ይኽ አነጋገር ከጆሮዬ ስላልጠፋ በኋላ የመጡትን ድርሰቶች በእርሱ ሚዛን አየኋቸው። በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ያለችው ፊያሜታ የወንድ ልብስ አያስፈልጋትም፤ በአሥመራ ከተማ ያሻትን ለብሳ ያሻት ቦታ ትገባለች። ሆኖም የምናያት በጋዜጠኛው በጸጋዬ ዓይን ብቻ ነው። እርሷ ስለ እርሱ ምን ታስብ እንደ ነበር ብንጠየቅ መልስ የለንም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» መጽሐፍ ነክቶ የማያውቀውን ጎረምሳ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያሳደረ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ደራሲው ምስጋና ይገባዋል። ምስጢሩና ሩጫው ግን እጅግ ስለሚበዛ ፍቅር የሚቀመጥበት ወንበር አያገኝም። አዳም ረታን ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አላውስም፤ ሃያ ሲሞላት ራሷ ትፈልገዋለች።

ልጆቹ ቶሎ ጨርሰው የሚመልሱት የሕይወት እምሻውን «ባርቾ» ነው። በዚያ ሴት በገዛ አፏ ትናገራለች፤ ትቀልዳለች፤ ትቆጣለች። ነገር ግን የአዲስ አበባ ኑሮ ነው፤ የአዲስ ቅዳም ተማሪ እንደ ቴያትር ከሩቅ ታየዋለች። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው፣ በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለቡከር ሽልማት ከታጩት ስድስት መጻሕፍት አንዱ የነበረው ልብ ወለድም አለ። የዚያ ሂሩት የቤት ሠራተኛ ሆና ተነሥታ ጣሊያንን ለመዋጋት ጠመንጃ ታነሣለች። እንግሊዝኛው ግን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዳገት ነው።

በእኛ አገር ልጅ ከተረት መጽሐፍ ወጥቶ በአንድ እርምጃ ወደ ትልልቆች ልብ ወለድ ይገባል። በመካከል ያለው ዕድሜ፣ ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ሰባት ያለው፣ ማንበብ የሚጀመርበትና የሚተውበት ጊዜ ሆኖ ሳለ ለእርሱ ብሎ የሚጽፍ ደራሲ እምብዛም የለም። በአዊ ደግሞ ብዙው ልጅ በቤቱ የሚናገረው አገውኛ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ፊደል ይቆጥርና የፍቅር ታሪክ ሊያነብ ሲፈልግ ቋንቋውን ለውጦ ነው።

ወደ ግጥም ስንመጣ ያው ነው። በእውቀቱ ስዩም የማንኩሳ ልጅ ስለ ሆነ እኛም እንደ ራሳችን ልጅ እንኮራበታለን፤ «የማለዳ ድባብ»ም (2009 ዓ.ም.) ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ያለቀ መጽሐፍ ነው። ጎረምሶቹ ግን ከእርሱ የሚወስዱት ሳቁን ብቻ ነው፤ ቃል መቆጠቡን አይወስዱም። በየደብተራቸው የሚጽፉትን እያመጡ ያሳዩኛል። ሁሉም «አንቺ» ብሎ ይጀምራል፤ ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ ጠጉሯ ይዘረዘራል፤ ቤት ይመታል፤ ያልቃል። «አንቺ» የተባለችው አንድ ቃል አትመልስም። በሠርጋችን ቤት እኮ እንዲህ አይደለም! ሴቶቹ ሲያወርዱ ወንዶቹ ይቀበላሉ፤ የተነካችውም በዘፈን መልስ ትሰጣለች። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሴት ገጣሚ መልስ ከሰጠች ዛሬ ዝም የምትልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይኽን ሁሉ የማነሣው ለሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ አይደለም። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ሆኖም በአማራ ክልል ከዚያ በፊት የምትዳር ልጅ ዛሬም አለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ቦታዎች ደግሞ ወላጅ «ቁጭ ከምትል» ማለቱ ይቀለዋል። እንዲህ ያለ ወሬ በቤቷ የተነሣባት ልጅ ማታ በኩራዝም ሆነ በስልክ ብርሃን የምታነበው መጽሐፍ ሰብለን መስላ እንድትጠብቅ ብቻ የሚነግራት እንደ ሆነ ደራስያኑ ይጠየቁበታል።

የምመኘው መጽሐፍ ይኽ ነው። ልጅቱ በራሷ ቀሚስ፣ በደብተር ቦርሳዋ፣ ከአዲስ ቅዳም ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ትሂድ። የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከየት እንዳገኘችው፣ ለእናቷ ምን ብላ እንደ ወጣች፣ ረዳቱ ምን ብሎ እንደ ጠየቃት በዝርዝር ይጻፍልን። የምትወደው ልጅም ይኑራት፤ ደራሲው እባክዎ አይግደሉት። በአገውኛ ቢጻፍ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ እገዛለሁ።

ሰብለን የወቀሰችው ተማሪዬ አሁን «ጦቢያ»ን ይዛ ሄዳለች። አማርኛው የድሮ ስለ ሆነ ይከብድሻል ብላት፣ «ቶሎ ትነሣለች ወይስ እንደዚያችኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ ትነሣለች አልኋት።