የገንዲ ምርመራ ውጤት ለባለከብቱ ይድረስ

ለእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ኃላፊዎችና ለገንዲ በሽታ ተመራማሪዎች፣

በጊቤ፣ በዴዴሳና በአሶሳ ዙሪያ ከሚያርሱ በሬዎች ጆሮ ደም ይወሰዳል። ደሙ በፒሲአር ይመረመራል፣ ገንዲን የሚያመጣው ጥገኛ ዝርያ ይለያል፣ ጥናቱ ይታተማል። እስከዚያ በሬው ተሸጧል ወይም ሞቷል። ባለቤቱም ሆነ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ምን እንደተገኘ አብዛኛውን ጊዜ አይነገራቸውም። የምቃወመው ይህን አሠራር ነው።

ባለሙያው ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ የመጣን በሬ ሲያይ በእጁ ያለው ቢበዛ ማይክሮስኮፕ ነው። ገንዲ ሲቆይ ደግሞ ጥገኛው በደም ውስጥ ስለሚሳሳ ማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ይስተዋል። ስለዚህ በግምት ዲሚናዚን ወይም አይሶሜታሚዲየም ይወጋል፤ የበሬው ክብደትም በዓይን ተገምቶ መድኃኒቱ ያንሳል። ጥገኛው መድኃኒት የሚለምደው እንዲህ ነው። በጊቤ ሸለቆ ሁለቱን መድኃኒቶችና ሆሚዲየምን ጭምር የሚቋቋም ጥገኛ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። ዛሬም በግምት እንወጋለን!

ዝርያውን ማወቅ ለጥናት ጽሑፍ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ጥገኛው ኮንጎሌንሴ የተባለው ዝርያ ከሆነ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ መዋጋት፣ በፀረ-ነፍሳት የተነከረ ጨርቅ መትከል ያስፈልጋል። ቪቫክስ የተባለው ዝርያ ግን በሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚተላለፍ የቆላ ዝንብ በሌለበት ደጋ ሳይቀር ይገኛል፤ እዚያ የቆላ ዝንብ ወጥመድ መትከል ከንቱ ድካም ነው።

ዝርያውን የሚለይ መሣሪያ የለም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ2000 ያስተዋወቁት ላምፕ የተባለው የዲኤንኤ መመርመሪያ ዘዴ እንደ ፒሲአር ሙቀቱን የሚያፈራርቅ ውድ ማሽን አይፈልግም። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ ወጥ ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ውጤቱም በቀለም ለውጥ ሊነበብ ይችላል። ደሙን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ ያለ ማቀዝቀዣ መላክ ይቻላል። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ በየጤና ኬላው ይኑር አልልም፤ ቢያንስ በየክልል ላቦራቶሪው ለዕለት ተዕለት ሥራ ይዋል። የጥገኛው ዲኤንኤ መገኘቱ ብቻውን በሬው ታሟል ማለት ስላልሆነም ውጤቱ ከደም ማነስ ልኬት ጋር ይነበብ።

የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ደም ስትወስዱ የባለከብቱንና የባለሙያውን ስልክ መዝግቡ። ውጤቱን ለመጽሔት ከመላካችሁ በፊት ለእነሱ ደውላችሁ ንገሩ። ለምርምር ገንዘብ የምትመድቡም ይህን ያላካተተ ዕቅድ አታጽድቁ።