የወንዝ ዳር መሬት ለአገር ሲተው ዋጋው ለገበሬው ይከፈል

ርዕሰ አንቀጽ

በሐምሌና በነሐሴ ጉማራን ወይም ርብን የተሻገረ ሰው ያየውን አይረሳም። የሚወርደው ውኃ ብቻ ሳይሆን አፈር ነው። ያ አፈር ትናንት የአንድ ገበሬ ማሳ ነበር፤ ነገ የጣና ደለል ይሆናል። ወደ ጣና የሚገቡት አራቱ ታላላቅ ወንዞች፣ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ፣ በብዙ ቦታ ዳርቻቸው እስከ አፋፉ ድረስ ታርሷል። ሾላው ተቆርጧል፣ ሸንበቆው ተመንጥሯል፣ ሣሩ ተግጧል። ሥር የሚይዘው ነገር ያጣ ዳርቻ በየክረምቱ እየተናደ ከነሰብሉ ይሄዳል።

ጉዳቱ የሚቆመው ማሳው ላይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የደምቢያ ሜዳ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ አይተናል። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳ ታጥቦ በሚገባው ምግብ ነው። በዓለም ላይ በጣና ብቻ ከሚገኙት የባርበስ ዓሦች ብዙዎቹ የሚራቡት ወደነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠሩ ላይ ነው፤ ጠጠሩን ጭቃ ሲሸፍነው ዓሣ አጥማጁም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከጣና በታች ደግሞ በሽሎ፣ ጀማና ሙገር የሚያወርዱት አፈር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በሕዳሴ ግድብ ውስጥ ያርፋል።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ “ገበሬው” የሚል ነው። እኛ ግን ከመፍረድ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ሁለት ጥማድ ያህል መሬት ያለው ገበሬ ማሳው በ100 ሜትር ርዝመት ወንዝ ያዋስነዋል እንበል። ከዳርቻው 15 ሜትር ስፋት ተው ብንለው 1,500 ካሬ ሜትር ተው ማለታችን ነው። ይህ ካለው መሬት 30 በመቶ ነው። ደመወዙን በአንድ ጊዜ በ30 በመቶ ቀንሶ ለአገር ጥቅም የሚሰጥ ባለሥልጣን አላየንም። ከገበሬው ግን ይህንኑ በነፃ እንጠብቃለን።

ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬው በየዓመቱ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ኖሯል። እርከን ሠርቷል፣ ተራራ ከልሏል፣ ችግኝ ተክሏል። ውጤት ያልታየበት ነው አንልም፤ ያገገሙ ተራሮች አሉ። ነገር ግን ዘመቻ የጋራ ተራራን ሊያለማ ቢችልም የግል ማሳን ለዘለቄታው ሊያስተው አይችልም። ባለሙያው ሲመጣ የተተከለው ችግኝ ባለሙያው ሲሄድ ከብት የሚበላው ገበሬው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን ልጆቹን የሚያበላው ከዚያችው መሬት ስለሆነ ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ “ቢሮክራት” የሚል ስም ተለጥፎበት መሬቱ የተቆረሰበት ሰው ትዝታው አልጠፋም። መሬቱን በተከታታይ ሳያለማ የቆየ ገበሬ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችል የክልል ሕጎች ሲደነግጉ ቆይተዋል። እንዲህ ባለ አገር “ዳርቻውን ሳታርስ ተው” የሚል ምክር ለገበሬው “መሬትህን ልቀቅ” ከማለት አይለይም። ስለዚህም እስከ አፋፉ ያርሳል። ማረሱ የባለይዞታነቱ ምስክር ነውና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እኛ የምንጠይቀው ይህ ቃል ወንዝ ዳር ድረስ እንዲወርድ ነው። ሌሎች አገሮች መንገዱን አሳይተዋል። የኒውዮርክ ከተማ ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የውኃ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከውኃዋ መነሻ አካባቢ ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ፈረመች፤ በዚያም የወንዝ ዳር መሬታቸውን ከእርሻና ከከብት ለሚከልሉ ገበሬዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚዘልቅ ውል ኪራይ የሚከፈልበት አሠራር ተዘረጋ። ቻይና ከ1998ቱ የያንግትዜ ጎርፍ በኋላ ተዳፋት መሬታቸውን ለዛፍ ለተዉ ገበሬዎች እህልና ገንዘብ ሰጠች። እንደኛ በማደግ ላይ ያለችው ኮስታሪካም በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ መሠረት ደን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ከነዳጅ ግብር ትከፍላለች።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሕዝብ አደራ ቢቀበል የሚከተለውን ለመፈጸም ቃል ይገባል፦

1. የወንዝ ዳር መሬቱን ለሚከልል ገበሬ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የ10 ዓመት ውል ይሰጣል። ማስገደድ አይኖርም።

2. ዓመታዊው ክፍያ መሬቱ ይሰጥ በነበረው ኩንታል ይሰላል፤ በየዓመቱም በአካባቢው ገበያ ዋጋ ይታደሳል። ገንዘቡ ሲረክስ ገበሬው አብሮ አይከስርም።

3. የተከለለው መሬት በይዞታ ደብተሩ ላይ እንደለማ መሬት ይመዘገባል። በዚህ ምክንያት አይወሰድም፣ አይሸጋሸግም። ውሉ በባልና በሚስት ስም ይሆናል።

4. ሣሩን አጭዶ ከብቱን መመገብ፣ ከፍራፍሬውና ከንቡ መጠቀም የገበሬው መብት ነው። ባሕር ዛፍ ግን በወንዝ ዳር አይተከልም።

5. ሥራው በአራቱ የጣና ወንዞች ተጀምሮ፣ ውጤቱ በይፋ ተመዝኖ ወደ ሌሎች ተፋሰሶች ይሰፋል።

“ገንዘቡ ከየት ይመጣል?” ለሚለን ወገን መልስ አለን። የጣናን ውኃ ተጠቅሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተገነባው ጣና በለስ ኤሌክትሪክ ይሸጣል። ከተሞች ውኃ ይሸጣሉ። የውኃ ተጠቃሚ ክፍያ መክፈል እንዳለበት የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደንግጓል። ከዚህ ገቢ የተወሰነው ድርሻ በሕግ ለተፋሰሱ ገበሬዎች ይመደብ እንላለን። ደለል ከግድብና ከመስኖ ቦይ ማውጣት ሥር ተክሎ በቦታው ከመያዝ የበለጠ ወጪ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ሰላም እንደማይሆን እናውቃለን። ተኩስ ባለበት ቀበሌ ከፋይም ለኪም ወንዝ ዳር አይደርስም። ክፍያውም በካድሬ እጅ ከገባ ለደጋፊ ብቻ እንደሚዳረስ ከማዳበሪያና ከብድር ተምረናል። ስለዚህ የተዋዋዮች ስምና የተከፈለው ገንዘብ በየቀበሌው በአደባባይ እንዲለጠፍ እናደርጋለን።

ገበሬው ለሕዳሴ ግድብ ከሌለው ላይ ቦንድ ገዝቷል። የግድቡን ዕድሜ የሚያረዝመውን ዳርቻ ሲጠብቅ ደግሞ ተራው የአገር ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት በእኛ ዘመን “የዓባይን ልጅ አፈሩም ሄደበት” ወደሚል እንዳይለወጥ፣ በዚህ ምርጫ ድምፃችሁን ስትሰጡ በወንዛችሁ ዳር ቆማችሁ አስቡ።