ስዊቹን አትክሰሱት!

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ተናድጃለሁም። ታገሡኝ።

ባለፈው መጋላ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለ። «ቲቸር፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ» አለኝ። ሥራ ከያዘ ገና ሦስት ወሩ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ሁለት ኢንክሎዠር አለው፤ ቀጫጭን ሰርቨሮች እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን የሚሰኩባቸው ሳጥኖች ማለቴ ነው። ኤችፒ ሲ-7000 ናቸው፤ አንዱ እስከ 16 ብሌድ ይይዛል። ሁለቱ በስታኪንግ ኬብል ተያይዘው እንደ አንድ ይተዳደራሉ። ከላይኛው ሳጥን አንዱ ብሌድ ለጥገና ስለሚፈታ ልጁ የፋይናንሱን ቨርቹዋል ማሽን ወደ ታችኛው አዛወረ። ማሽኑ ተነሣ፤ ፒንግ ቢሉት ግን ዝም። እዚያው ብሌድ ላይ ያሉት ሌሎች ማሽኖች ደህና ይሠራሉ። ስብሰባ ተጠራ። ውሳኔ፦ ስዊቹ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ (በውጭ ምንዛሪ!)፤ ልጁም ያለ ጥንቃቄ ነካክቷል።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፦ «የታችኛው ብሌድ ፕሮፋይል ላይ የትኞቹ ቪላኖች ተጽፈዋል?» ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ ፓስዎርዱ እኛ ጋ የለም» አለኝ። የተከለው ባለሙያ ይዞት ሄዷል! ተፈልጎ እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ሲከፈት ቪላን 10 አለ፣ 20 አለ፣ 30 የለም። የፋይናንሱ ማሽን ደግሞ 30 ላይ ነው። ተጨመረ፤ ፒንጉ መለሰ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሙያው ላልሆናችሁ ላስረዳ። ከከዚራ ወደ መጋላ ስትመጡ የደቻቱን ድልድይ ትሻገራላችሁ። ድልድዩ አንድ ነው፤ የሚያልፍበት ታክሲ ግን ብዙ ነው፤ የሚለየው ታፔላው ነው። የኔትወርክ ገመዱም እንዲሁ አንድ ነው፤ በላዩ የሚያልፈው እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ግን የቪላን ቁጥር ይለጠፋል። በር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ «30 የሚባል አላውቅም» ካለ ታክሲው ይመለሳል። ድልድዩ ግን አልፈረሰም!

እዚያ ቤት ያ ቁጥር አራት ቦታ መጻፍ ነበረበት፦ ቨርቹዋል ማሽኑ ያለበት ፖርት ግሩፕ ላይ፣ የብሌዱ ፕሮፋይል ላይ፣ ከሳጥኑ የሚወጣው አፕሊንክ ላይ፣ ከዚያ በላይ ባለው ስዊች ትራንክ ላይ። ከአራቱ አንዱ ከተዘለለ ማሽኑ ዲዳ ይሆናል። ቀይ መብራት አይበራም፣ ፋን አይጮህም። መለያውን ሳያይ የሚያሳልፍ ቱነል የሚባል አሠራርም አለ፤ እዚያ የተመረጠው ግን አንድ በአንድ እያየ የሚያስገባው ነበር። የትኛው እንደተመረጠ እንኳ የጻፈ የለም። ፍሌክስ-10 ላይ ደግሞ አንዱ 10 ጊጋቢት ፖርት ለሰርቨሩ አራት ካርድ ሆኖ ይታያል። ለየትኛው ስንት እንደተመደበ ካልተጻፈ፣ «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» እያሉ መኖር ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ስንረከብ ሳጥን እንቆጥራለን። ንብረት ክፍል ለወንበር ሳይቀር ቁጥር ይለጥፋል። ውስጡ ምን እንደተጻፈ ግን ማንም አይጠይቅም። ተረካቢው ይፈርማል፣ ተካዩ ክፍያውን ይዞ ይሄዳል፣ ዓመታት ቆይቶ ደብዳቤው ገና ትናንት በገባው ልጅ ላይ ይጻፋል። ይሄ ፍርድ ነው እንዴ አቦ?

«ጊዜ የለም» ትሉኛላችሁ። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው! ፋይናንስ የቆመበት ጊዜስ ጊዜ አልነበረም? «ምስጢር ነው፣ ተጽፎ ከወጣ አደጋ አለው» የምትሉም አላችሁ፤ ይሄኛው እውነት አለው። መልሱ ግን አለመጻፍ ሳይሆን ካዝና ውስጥ መቆለፍ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ደግሞ ነገ ተመልሶ እንዲጠራ ብሎ ሆን ብሎ አይጽፍም። ይሄ ሙያ አይደለም፤ እገታ ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ክፍል ውስጥ ፒንጉ ከመለሰ ማርክ እሰጣችሁ ነበር። «ሥዕሉስ የታለ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋችሁም። ይቅርታ።

ስለዚህ ኃላፊዎች፦ የቪላን ሠንጠረዥ፣ የእያንዳንዱ ብሌድ ፕሮፋይል፣ የኬብሎቹ ሥዕል፣ የኮንፊገሬሽኑ ባካፕ እና በታሸገ ፖስታ ፓስዎርዱ ካልቀረበ ርክክብ ላይ አትፈርሙ። የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ። ተማሪዎቼ፦ የወረሳችሁት ቤት ወረቀት ከሌለው ነገ ጠዋት ጀምሩ፤ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ያለውን ጻፉ።

ልጁ ደህና ነው፤ ስዊቹም አልተገዛም። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ ነው። የፈረመው ሰው ይህን ካነበበ፣ ያወጣዋል ብዬ እጠብቃለሁ።